የሰባተኛው ፎቅ መዋጮ

ሚስ ዶሪን ፔንፎልድ ከሕንፃው ሰው ሁሉ ጋር የተኳረፉት በመዋጮ ምክንያት ነው።

የምንኖርበት ሕንፃ ማሪያና ኮርት ይባላል። በደቡብ አፍሪካዋ ደርባን፣ ከባሕሩ ዳር አንድ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የቆመ አሮጌ ኮንዶሚኒየም ነው። እያንዳንዱ ቤት የየራሱ ባለቤት አለው፤ ጣሪያው፣ ሊፍቱ፣ ደረጃውና የውጭ ግድግዳው ግን የሁላችንም ነው። የሁሉ የሆነ ነገር ደግሞ የማንም አይደለም። ከባሕሩ የሚነሳው ጨዋማ ነፋስ ዓመት ከዓመት ግድግዳውን ይልሰዋል። ልስኑ መጀመሪያ ያብጣል፤ ቀጥሎ ይሰነጠቃል፤ አንድ ቀን ቁራጩ የሰው መኪና ላይ ይወድቅና ባለመኪናው ዘር ማንዘራችንን ይሰድባል። ያን ጊዜ አንድ ግንበኛ ጠርተን ሲሚንቶ እናስለጥፋለን፣ ቀለም እናስቀባለን፣ በቃ።

ሚስ ፔንፎልድ ይሄ አይዋጥላቸውም ነበር። ዕድሜያቸውን ሁሉ በወደቡ የስልክ ማዞሪያ የሠሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ባልም ልጅም የሌላቸው ሴት ነበሩ። ቤታቸው ሰባተኛ ፎቅ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው፤ እኔም እዚያው ፎቅ ነኝ። በየዓመቱ ስብሰባ ላይ ይነሱና ያንኑ ይደግማሉ።

«የምናዋጣው ለጠራጊና ለዘበኛ ብቻ የሚሆን ነው። አርማታው ውስጥ ያለው ፌሮ እየተበላ ነው። ከአሁኑ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ጨምረን ለትልቁ ዕድሳት ካላስቀመጥን፣ የሚያስፈልግበት ቀን ሲመጣ ከየትም አናመጣውም።»

ድምፃቸው ደረቅና ጥርት ያለ ነበር። እያንዳንዷን ቃል ነጥለው ነው የሚያወጧት፤ በስልክ ማዞሪያ የከረመ ሰው አነጋገር ነው።

ሁልጊዜ የሚቃወማቸው ፑባላን ኪስትናሳሚ ነው። ጎማ ይነግዳል። እኛ ሕንፃ ውስጥ ሦስት ቤት አለው፤ ሦስቱንም ያከራያል፤ መዋጮ ላይ የምትጨመር ነገር ሁሉ ለእሱ በሦስት ትባዛለች። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቀልድ ግን አያስችለውም። በዚያ የመጨረሻ ስብሰባ ላይ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ብድግ አለ።

«ሚስ ፔንፎልድ፣ በፈጠረዎት! ይሄ ሕንፃ እርስዎንም እኔንም ቀብሮ ነው የሚወድቀው። የሕንፃ ስብሰባ ነው ብዬ መጣሁ እንጂ የእድር መሆኑን መች አወቅሁ?»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ድምፅ ሲሰጥ የሴትዮዋ ሐሳብ ወደቀ።

ሚስ ፔንፎልድ የእጅ ቦርሳቸውን ቀጭ አድርገው ዘጉ። «መልካም» አሉ። «እኔ ጭማሪዬን ብቻዬን እከፍላለሁ። ባንኩ በየወሩ ከሂሳቤ ቆርጦ ያስገባል። እናንተ አፍራችሁ እስክትከተሉኝ ድረስ ግን ማንም በሬን እንዳያንኳኳ።»

አላንኳኳንም።

ከዚያ በኋላ ሚስ ፔንፎልድን ያየ ሰው የለም፤ ለምን ጠፉ ብሎ የተጨነቀም የለም። መኖራቸውን በሬዲዮናቸው እናውቅ ነበር። ዝቅ ብሎ፣ ወሬውንም መዝሙሩንም ሳያቋርጥ ይሰማል። መብራት በፈረቃ ሲጠፋ ጸጥ ይላል፤ ሲመጣ ካቆመበት እንደሚቀጥል ሰው ይቀጥላል። የወጥ ቤታቸው አምፖልም እንደዚሁ ነው። ልብስ ከሚሰጣበት ጓሮ ሆኖ ቀና ያለ ሰው፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ እንኳ ያቺን ቢጫ አምፖል በመስኮቱ ውስጥ ያያታል። «አኩራፊዋ መብራት አይቆጥቡም» ይላል ኪስትናሳሚ። የመብራቱ ሂሳብ ከመዋጮው ጋር አብሮ ከባንክ ስለሚቆረጥ ተቋርጦባቸው አያውቅም።

ያን ክረምት የቆሻሻ መጣያው ቱቦ ተደፈነ። ማስጠገኛ ስላልነበረን ዝም አልነው፤ ሰባተኛ ፎቅ ለወራት ሸተተ። ከሊፍት ወርደን አፍንጫችንን ይዘን ነበር ወደየቤታችን የምንሮጠው። ከሚስ ፔንፎልድ ቀጥሎ ያለው ቤት የኪስትናሳሚ ነው፤ ከሽታው የተነሳ ተከራይ አጥቶ ዘግቶት ነበር። «ይሄ ቱቦ አከሰረኝ» እያለ ያማርራል። በኋላ ሽታው ቀስ በቀስ ጠፋ፤ ሁላችንም ተገላገልን አልን። ቱቦውን ግን ማንም አልነካውም ነበር።

ህሌንግዌ ሼዚ ወደ ሕንፃችን የመጣችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የቀዶ ጥገና ክፍል ነርስ ነበረች። ባሏን ቀብራ፣ ጡረታዋን ተቀብላ፣ ከእኔ ፊት ለፊት ያለውን ቤት ገዛች። ደልደል ያለች፣ ሳቂታ፣ ዓይኗ ግን ምንም የማያመልጠው ሴት ናት። ወጣቱም ሽማግሌውም «ማ ሼዚ» ይላታል፣ እማማ ሼዚ እንደማለት ነው፤ እኔና እሷ በዕድሜ ስለምንቀራረብ «ሲሲ»፣ እህቴ፣ እንባባላለን። ብዙም ሳትቆይ የኮሚቴ ሰብሳቢ አደረግናት፤ ሌላ የሚፈልግ አልነበረም።

ሥራውን እንደያዘች ሂሳባችንን ከሚይዘው ሰው ጋር በስልክ ተነጋግራ፣ ስልኩን እንደያዘች እኔ ቤት ገባች።

«ሲሲ፣ መጨረሻ ላይ ያሉት ሴትዮ ምን ዓይነት ሰው ናቸው?»

«አኩራፊ ናቸው።»

«እንዲህማ ቢሆን ሁሉም ባኮረፈ! ለዕድሳት ብለው ብቻቸውን ሲያጠራቅሙ ኖረዋል። አንድ ወር አላጓደሉም። ይሄ ሁሉ ባለመኪና አንዲት አሮጊት አዝለውት ይኖራል? አታፍሩም?»

እኔም ታሪኩን ነገርኳት። እሷ ግን የኩርፊያውን ነገር ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። የገና ሰሞን ነበርና አንድ ከረጢት ሊቺ የሚባለውን ፍሬ ገዝታ ወደ በሩ ሄደች። አንኳኳች። ውስጥ ሬዲዮኑ የመዘምራን ዜማ ያሰማል። «ሚስ ፔንፎልድ፣ ላመሰግንዎት ነው የመጣሁት» አለች። መልስ የለም። ከረጢቱን እጀታው ላይ አንጠልጥላ ተመለሰች። በማግስቱ ከረጢቱ አልነበረም።

«ወሰዱልኝ!» አለችኝ እንደ ልጅ ፈንድቃ። ጠራጊዋ የተጣለ መስሏት ለልጆቿ ይዛው እንደሄደች የሰማነው በጣም ቆይቶ ነው።

ከዚያ በኋላ ሼዚ ከሊፍት በወረደች ቁጥር ፊቷን ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ አዙራ «ሳዉቦና፣ ሚስ ፔንፎልድ!» ብላ በዙሉ ሰላምታ ሳትሰጥ ቤቷ አትገባም። እየቆየን እኛም ለመድነው።

በተከታዩ ዓመት ከአሥረኛ ፎቅ በረንዳ ሥር ትልቅ የአርማታ ቁራጭ ተገምሶ መንገድ ላይ ወደቀ። ሰው አልነካም። ከተማው ግን አስጠነቀቀን፤ ሼዚም ማንም እንዳይቀር ብላ ስብሰባ ጠራችን። መሐንዲስ አምጥታ ነበር። እሱም ግድግዳው ሁሉ መነቀልና መጠገን እንዳለበት፣ በተጠራቀመው ግን ከሕንፃው አንድ ጎኑን ብቻ መሥራት እንደሚቻል ነገረን። የተጠራቀመው ደግሞ ከሞላ ጎደል የሚስ ፔንፎልድ ጭማሪ ነው።

«ከመንገዱ በኩል እንጀምር» አለ መሐንዲሱ። «የወደቀው እዚያ ነው፤ እግረኛ የሚያልፈውም እዚያ ነው።»

ኪስትናሳሚ እጁን አወጣ። «አይ፣ ገንዘቡ የሚስ ፔንፎልድ አይደለ? እሳቸው ይምረጡ! ኋላ ሌላ ኩርፊያ እንዳናመጣ።»

ቀልዱን ነው። ሼዚ ግን አልሳቀችም። «ልክ ነህ፣ ኪስትና» አለችው። «ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ።»

የሄደችው በማግስቱ ከምሳ በኋላ ነው። እኔም ልከተላት ወጣሁና ሊፍቱ ጋ ስደርስ እግሬ አልሄድ አለኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ቀኑ ብሩህ ነው፤ በደረጃው መስኮት ባሕሩ ወለል ብሎ ይታያል። መብራት በፈረቃ ጠፍቶ ስለነበር ሬዲዮኑ ዝም ብሏል፤ ያለ ሬዲዮኑ ኮሪደሩ የሌላ ሰው ቤት መሰለኝ። ሼዚ አንኳኳች። ግንባሯን ወደ በሩ አስጠግታ ስትናገር አያታለሁ፤ መሐንዲሱ ያለውን፣ ገንዘቡ ለአንድ ጎን ብቻ እንደሚበቃ፣ የእሳቸውን ፈቃድ እንደምንፈልግ። ጨረሰችና ቆመች። እኔ የምሰማው የነፋሱን ፉጨት ብቻ ነው።

ከዚያ ሼዚ ቀና አለች፤ አንገቷን ነቀነቀች። «እሺ» አለች። «እሺ፣ እነግራቸዋለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ፊቷ እየበራ መጣች። «አናገሩኝ እኮ፣ ሲሲ!»

«ምን አሉ?»

«‹ከልብስ ማስጫው ጓሮ ጀምሩ።› ሌላ ቃል የለም። ምን ዓይነት ድምፅ ነው ግን? ቃሉን አንድ በአንድ ቆጥረው ነው የሚሰጡሽ። መስመሩን እንዳትዘጊ የምትል የስልክ ሠራተኛ አትመስልም?»

«እሳቸው ናቸው» አልኳት። እኔ አለመስማቴን በነፋሱ አሳበብኩ።

ወሬው ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ደረሰ፤ ሚስ ፔንፎልድ ታረቁ ተባለ። መሐንዲሱ ትከሻውን ሰበቀ፤ ገንዘቡ የእናንተ ነው፣ ሁሉም ጎን መሠራቱ አይቀርም አለ። የብረት መወጣጫው ከጓሮው በኩል መተከል ጀመረ። የልብስ ገመዶቹ ተነሱ፤ አንሶላ የሚያሰጡ ሴቶች አጉረመረሙ፤ በገመዶቹ መሀል የሚሯሯጡ ሕፃናትም ወደ መኪና ማቆሚያው ተባረሩ።

ሠራተኞቹ የጓሮውን ማዕዘን በመዶሻ መቱት። በላዩ ላይ ምንም ስንጥቅ አልነበረውም፤ ቀለሙ እንኳ ከሌላው የተሻለ ነበር። ልስኑ ሲነሳ ግን አርማታው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ፤ ፌሮው ቦታ ላይ ቀይ ዱቄት ብቻ ነበር የቀረው። መሐንዲሱ ተጠርቶ መጣ፤ እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ አወጣው፤ መዳፉን አየ። ከዚያ ሳይጮህ፣ ቀስ ብሎ፣ ሁሉም ሰው ከጓሮው እንዲወጣ አደረገ። የወጥ ቤቶቻችን በረንዳ ሁሉ የተደገፈው በዚያ ማዕዘን ላይ ነው። ከመንገዱ በኩል ጀምረን ቢሆን ኖሮ፣ አለን በኋላ፣ ሥራው በሚፈጥረው ንዝረት ብቻ ይሄ ሊወርድ ይችል ነበር፤ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ይዞ።

በወፍራም ብረት ደገፉት። ኪስትናሳሚ እዚያው ቆሞ አፉን ከፍቶ ያይ ነበር። ቀልድ አልመጣለትም።

መወጣጫው እየተቀጣጠለ ሰባተኛ ፎቅ ሲቃረብ፣ ሼዚ ከሠራተኞቹ አንዱን፣ ምላንዴሊ የሚባለውን፣ ጠራችው። «ልጄ፣ ላይ አንዲት አሮጊት አሉ። መስኮታቸው ጋ ስትደርስ በአክብሮት ሰላም በላቸው፤ አቧራ ስለሚገባ ይዝጉት።»

ጠዋት ነበር፤ ነፋሱ የባሕሩን ጨው አፋችን ውስጥ ይበትናል። ምላንዴሊ ወጣ፤ ሲያጎነብስ አየነው፤ የራስ ቁሩን አውልቆ ሰላምታ ሲሰጥ አየነው። ትንሽ ቆየ። እንደገና ሰላም አለ መሰለኝ። ከዚያ ሳይጣደፍ፣ የእያንዳንዱን ብረት ጥንካሬ እየፈተነ እንደሚወርድ ሰው፣ ወረደ። ቁሩን አላጠለቀውም።

«ማ» አላት። «ተቀምጠዋል። ወደ እኔ ነው ፊታቸው። ሰላም አልኳቸው።» ቁሩን በእጁ አገላበጠ። «ማ፣ እሳቸው... ቆይተዋል። በጣም ቆይተዋል።»

ፖሊስ መጣ፤ በሩ ተሰበረ። ሬዲዮኑ እየዘመረ ነበር፤ አምፖሉ በርቷል። ሚስ ፔንፎልድ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጋ፣ ወደ ጓሮው በሚያሳየው መስኮት ፊት ወንበር ላይ ነበሩ፤ ሹራባቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል። መስኮቱ ገርበብ ብሎ ስለነበር የባሕሩ ነፋስ አድርቋቸዋል። ስላየሁት ከዚህ በላይ አልናገርም። ሼዚ ዘመኗን ከሬሳና ከደም ጋር የኖረች ስለሆነች አልራቀቻቸውም፤ ከቤታቸው ንጹሕ አንሶላ ፈልጋ አለበሰቻቸውና አጠገባቸው ቆመች።

«ሲሲ፣ ሬዲዮኑን አጥፊው» አለችኝ።

አጠፋሁት። ያን ጊዜ ነው የየቤቱ በር የተከፈተው። መብራት ጠፋ እንዴ እያሉ ሰዎች ወደ ኮሪደሩ ወጡ፤ ምን እንደጎደላቸው ግራ ገብቷቸው ይተያያሉ።

የፖሊሱ ሐኪም ከሞቱ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል አለ፤ ሲሞቱም ሕመም ያሠቃያቸው አይመስልም፣ ልባቸው ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጠን ነበር። ሼዚ ጣቷን እያጠፈች አሰበች፤ ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ ጣለችው።

«እኔ ወደዚህ ሕንፃ ሳልመጣ?»

«ሳትመጪ» አልኳት።

«ታዲያ ያናገረኝ ማን ነው?»

ኪስትናሳሚ ከበስተኋላችን ቆሟል። «ሬዲዮኑ ይሆናል፣ ማ ሼዚ» አለ። «ሬዲዮን ላይ የሚወራ ነገር እኮ አንዳንዴ...»

«መብራት ጠፍቶ ነበር። ሬዲዮኑ ደግሞ ግድግዳ ላይ የተሰካ ነው፤ ባትሪ የለውም። አይተኸዋል።»

ኪስትናሳሚ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ቀጥሎ ያለው ቤት የእኔ ነበር እኮ» አለ። «ቱቦው ነው ያልኩት እኔ ነኝ።»

የዚያን ሳምንት መጨረሻ ላይ ሼዚ ቤቴ መጥታ ሻይ እየጠጣች ሳለ፣ ለሌላ ሰው ያልነገረችውን ነገረችኝ።

«ሲሲ፣ ግንባሬን ከበሩ ጋር አስጠግቼ ነበር፤ አይተሽኛል። ድምፁ በበሩ በኩል ቢመጣ ፊቴ ላይ ነበር የምሰማው።» ስኒዋን አስቀመጠች። «ከኋላዬ ነው የመጣው። ከማጅራቴ ቀረብ ብሎ። አንቺ መስለሽኝ ልዞር ነበር፤ ግን አንቺ ሊፍቱ ጋ ነሽ። እና አልዞርኩም። ለምን እንዳልዞርኩ አትጠይቂኝ።»

አልጠየቅኳትም። ለብዙ ቀን ግን እቤቴ ለመግባት በሩን ስከፍት ጀርባዬን ለኮሪደሩ መስጠት አስጨነቀኝ።

ሚስ ፔንፎልድ አንዲት የወንድም ልጅ ነበረቻቸው፤ ግሌኒስ ትባላለች፣ ፒተርማሪትዝበርግ ነው የምትኖረው። ከአክስቷ ጋር ከተነጋገሩ ዘመን ሆኗቸዋል። አስከሬኑን ልትረከብ ስትመጣ ሼዚ አንድ ነገር ለመነቻት።

«ልጄ፣ በእኛ ወግ ብቻውን የሞተ ሰው ነፍሱ ከሞተበት ቦታ አትነሳም። ሰው ሄዶ፣ የቁርቁራ ቅርንጫፍ ይዞ፣ ስሙን ጠርቶ ነው የሚያመጣት። እሳቸው ባሕሌ አይደለም ይሉኝ ይሆናል። ግን ከቤተሰብ ይህን የሚያደርግላቸው የለም፤ እኔ ልውሰዳቸው?»

«እኔም ለአክስቴ ከዚህ የተሻለ ነገር ይዤ አልመጣሁም» አለች ግሌኒስ።

በቀብሩ ጠዋት ሼዚ ቅርንጫፉን ይዛ ወደ ወጥ ቤቱ ገባች፤ ወንበሩን በቅጠሉ ነካችው። «ሚስ ፔንፎልድ፣ እንሂድ። ቤትዎ እዚህ አይደለም ከእንግዲህ።» ከዚያ በኋላ ከቅርንጫፉ በቀር ማንንም ማናገር አይፈቀድላትም። «አሁን ኮሪደሩ ላይ ነን። አሁን ሊፍቱ ጋ ደርሰናል።» እኔና ኪስትናሳሚ ጥቁር ለብሰን እየተከተልናት ነው። ሊፍቱ ተከፈተ፤ ሼዚ ገባች፤ እኔ ገባሁ፤ ኪስትናሳሚ አንድ ሰው የሚቆምበት ቦታ ትቶ ከግድግዳው ጋር ተለጠፈ። በሩ ሊዘጋ ሲል ከብዶኛል የሚለው ደወል ጮኸ።

ያ ሊፍት ስምንት ሰው ከነዘንቢሉ ይጭናል። ሦስት ነን።

ሼዚ አልተነቃነቀችም። እኔ ግድግዳው ላይ ያለችውን የምትበራ ቀይ ነጥብ ብቻ አያለሁ። «እ... እኔ በደረጃ እወርዳለሁ» አለ ኪስትናሳሚ፤ ማንን እንደሚያስፈቅድ እንጃ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነስቶ ወጣ። ደወሉ ቆመ። በሩ ተዘጋ። ወረድን። አሮጌ ሊፍት ነው፤ የሚበላሽበትን ቀን መርጦ አይበላሽም፣ እላለሁ ለራሴ። ታክሲ ውስጥ ሼዚ የአንድ ሰው ሳይሆን የሁለት ሰው ከፈለች፤ ሾፌሩም ቅርንጫፉን አየና፣ ደርባን ያደገ ሰው ነውና፣ ምንም ሳይል ተቀበላት። መቃብሩ ላይ ቅርንጫፉን ከሣጥኑ ጋር አወረደችው። «ደርሰናል» አለች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ትከሻዬን ያዘችና፣ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተናገረች፦ «እግሬን አሞኛል፣ ሲሲ። ደግፊኝ።»

ገና ያልተፈታ ነገር ነበር። ጠበቃ ስናማክር፣ ግዴታ የሆነው መዋጮ ከሞቱም በኋላ ከውርሱ ይከፈላል፤ በራሳቸው ፈቃድ የጨመሩት ግን ከሞቱበት ቀን ወዲህ ያለው ለወራሽ ይመለሳል ተባልን። እኛ ደግሞ ማዕዘኑ ላይ አፍስሰነዋል። ስብሰባ ተጠራ። ግሌኒስ መጥታ ፊት ለፊታችን ተቀመጠች፤ ከንፈሯ የአክስቷ ነው።

«ገንዘቡን እፈልገዋለሁ» አለች። «አልዋሻችሁም፤ ሀብታም አይደለሁም። ግን ሕንፃውን አንዴ ጀምራችኋል፤ ጨርሱት። የእኔን ቀስ እያላችሁ በየወሩ ትሰጡኛላችሁ።»

መጨረስ ማለት መዋጮው ድሮ ከተባለውም በላይ ይጨመራል ማለት ነው። ሼዚ ይሄን ተናግራ ድምፅ ጠየቀች። መጀመሪያ የወጣችው የኪስትናሳሚ እጅ ናት፤ ወደ ማንም ሳያይ፣ መሬት መሬቱን እያየ። ከዚያ የሌላው ሁሉ ተከተለ። እሱ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ብቻቸውን የሚኖሩትን ይጠይቃል። ካልከፈቱለት ከበሩ አይነቃነቅም። ይሰድቡታል፤ ስድቡን ሰምቶ ደስ ብሎት ይሄዳል።

ቤቱ አልሸጥ አለ። ገዢ ይመጣል፤ ከጎረቤት ይሰማል፤ ይሸሻል። ግሌኒስ ልታጸዳው መጥታ ቅዳሜና እሑድን አደረች፤ በሚቀጥለውም እንዲሁ፤ አንድ ቀን ዕቃዋን ጭና መጣችና ቀረች። አሁን እሷም እንደኛ ታዋጣለች፤ ካዋጣችው ላይ ደግሞ ይመለስላታል። «ከግራ ኪስሽ ወደ ቀኝ ኪስሽ ነው» ይላታል ኪስትናሳሚ፤ እሷም «አንክል፣ የእርስዎን የሦስቱን ቤት መዋጮ ግን አልረሳሁም» ትለዋለች።

ጓሮው አልቋል፤ ልብስ ይሰጣበታል። የመንገዱ ጎን ተጀምሯል። ከዚያ በፊት ግን ሊፍቱ እንዲቀየር ወሰንን፤ አሮጌው ተነቅሎ ባዶ ጉድጓዱ በጣውላ ታሽጓል፤ አዲሱ እስኪገባ በደረጃ ነን። ትናንት ሼዚና ግሌኒስ ከገበያ ሲመለሱ ተገናኘን። ድንቹን ግሌኒስ፣ ዘይቱን ሼዚ ይዛ፣ በየፎቁ እያረፉ ይወጣሉ። አምስተኛው ላይ ስደርስባቸው ሼዚ ደረጃው ላይ ተዘርግታ በእጇ ፊቷን እያራገበች ነበር። ዘይቱን ተቀበልኳትና ሦስታችንም ወጣን።